ይበልጣል የወረወራቸው ባትሪ ድንጋዮች

ልጄ ማርታ ጓዟን አልጋዬ ላይ ዘርግታ ስታሰናዳ ሳያት መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ ሳምንት ሳትሞላ፣ መንገዱ ትንሽ ረገብ ብሏል ስለተባለ፣ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ቡሬ ገጠር «ሃይኪንግ» ልትወጣ ነው፤ እኛ በእግር መሄድ እንለው የነበረውን እነሱ ስም አውጥተውለታል። ፓወር ባንኩ፣ ግንባር ላይ የሚታሰረው መብራት፣ ብርቱካን የምታክለው ብሉቱዝ ስፒከር፣ ባለ ሦስት እግር የስልክ ማቆሚያው፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈው የፀሐይ ቻርጀር፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈው ገመድ ሁሉ አልጋውን ሞልቶ ሲታይ ልጅቱ ለጉዞ ሳይሆን ሱቅ ልትከፍት የተነሣች ትመስላለች። የሚበላ ነገር ብፈልግ አንድ ፌስታል ቆሎ ብቻ አገኘሁ፤ እሱንም ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ልቀልድባት አፌን ስከፍት «እማዬ፣ ይቺስ ትሠራለች?» ብላ ከመሳቢያ ውስጥ ያገኘቻትን የቆየች የእጅ ባትሪ ሰጠችኝ። የኋላ ክዳኗን ሳዞረው ውስጧ የተረሳው የባትሪ ድንጋይ ፈስሶ ኖሮ ነጭ ዱቄት ጣቴ ላይ ረገፈና ያ ሽታ ወጣ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ የዛገ ብረት የመሰለ፣ ጉሮሮ ሥር ሄዶ የሚቀመጥ ሽታ። ሳቄ እዚያው ጠፋ። ማርታ አጎት እንደነበራትና ውሃ እንደወሰደው ታውቃለች። ከዚያ በላይ አታውቅም፤ በእኛ ቤት ከዚያ በላይ ሲወራ ሰምታ አታውቅምና።

ይበልጣል የሁለት ዓመት ታላቄ ነበር። ያደግነው እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ግማሹ ለእኛ ግማሹ ለፈረሱ በተከፈለ ግቢ ውስጥ ነው። አባታችን ባለ ጋሪ ነበር፤ ማታ ማታ ፈረሱን ፈትቶ ገለባ ሲሰጠው የላቡና የቆዳው ሽታ እስከ መኝታችን ይመጣ ነበርና እስካሁን ፈረስ ሲሸተኝ እንቅልፌ ይመጣል። ወንድሜ ግን ፈረሱን ሳይሆን ጋሪውን ነበር የሚወደው። ከአሮጌ ብስክሌት የነቀለውን አምፖል በሁለት ሽቦ ከጋሪው ፊት አስሮ አባቴን በመንደሩ የመጀመሪያው ባለ መብራት ጋሪ አድርጎት ነበር፤ አምፖሉ የሚበራው ሲፈልግ ስለነበር አባቴ «ይህ መብራት እንደ አማቴ ነው፣ ሲደሰት ብቻ ነው ፊቱ የሚፈታ» ይል ነበር።

ያን ጊዜ ድንጋይ ስንል የሬዲዮና የቴፕ ባትሪ ማለታችን ነው። ድንጋይ ውድ ስለነበር አለቀ ተብሎ አይጣልም። መጀመሪያ በጥርስ ነከስ ነከስ ይደረጋል፣ ወይም ግድግዳ ላይ ይመታል፤ እሱም እንቢ ሲል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የጋለ ድንጋይ ትንሽ ነፍስ ይዘራና አንድ ሁለት ዘፈን፣ ከተሳካም አንድ ዜና ያሰማል። ይበልጣል በዚህ ነገር የተካነ ነበር። የትኛው ሰዓት ላይ፣ በየትኛው ጎኑ፣ ምን ያህል ቢገላበጥ እንደሚሻል የሚያውቅ ይመስል ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ወደ ስጡ ይሮጣል፣ እናታችን ደግሞ «አንተ ልጅ፣ በርበሬ የማሰጣበት ሰፌድ ላይ ድንጋይ አሰጣህብኝ?» እያለች ከኋላው። የሰፈሩ ሰው ያለቀ ድንጋዩን ሁሉ ለእሱ ይልክ ነበር። ወንድሜ ለሞተ ነገር ተስፋ የማይቆርጥ ልጅ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የጂኦግራፊ መምህራችን ሳምሶን የሚባል ገና ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ሆነ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ካርታ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ የሚሮጥ፣ ዓለምን በሙሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስጎበኘን የሚቸኩል፣ ደግ ሰው ነበር። ክበብ አቋቋመና፣ የዓመቱ ፈተና እንዳለቀ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ከቡሬ ወዲያ ወደ ፈጣም የሚገባ አንድ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን እንድናድር አቀደ። የወንዙን ስም አልጠራውም፤ ከዚያ ወዲህ ጠርቼው አላውቅም። ወላጆች ስንቅ ሲያዘጋጁ መምህር ሳምሶን የሚያዘጋጀው ዕቃ ነበር፤ ከዘመዱ የተዋሰው ካሜራ፣ አህያ ላይ እንደ ሕፃን በጋቢ ተጠቅልሎ የተጫነው ትልቅ ቴፕ፣ የእጅ ባትሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ዳይሬክተሩ የሚናገርባት የትምህርት ቤቱ ሜጋፎን። ቀይ ቁልፏ ሲጫኗት እንደ አምቡላንስ ታለቅሳለች። ይበልጣል አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር፣ የክበቡ አባልም አልነበረም፤ ይህን ሁሉ ዕቃ ሲሰማ ግን መምህሩን ለምኖ ድንጋይ ጠባቂ ሆኖ ገባ። እኔ የተደሰትኩትን ያህል የተደሰተ አልነበረም። እሱ ካለ እናቴ እንደምትፈቅድልኝ አውቅ ነበራ።

እስከ ቡሬ በአውቶቡስ ሄደን ከዚያ በእግር ወጣን። አፈሩ የመጀመሪያውን ዝናብ ጠጥቶ ቀይ ሆኗል፣ በየማሳው የበቆሎ እርሻ ተጀምሯል፣ ዋንዛው ሥር ጥላው ቀዝቅዟል፣ እኛ ደግሞ ቴፑን አስከፍተን አህያዋን ከፊት አስቀድመን እንደ ሰርገኛ እንዘፍናለን። መንገድ ላይ እንስራ ያዘሉ አንዲት እናት አስቁመው ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። መምህሩ ሜዳ ላይ ልናድር መሆኑን ሲነግራቸው ለረጅም ጊዜ አዩንና «እኔ ልሙትላችሁ፣ ቤት እያላችሁ ሜዳ የምታድሩት ማንን አስቀይማችሁ ነው?» አሉን። ስንስቅ እሳቸውም ሳቁ፤ ግን እንስራቸውን አስተካክለው ሲሄዱ ዞር እያሉ ያዩን ነበር።

ወንዙ ጉልበት የማይደርስ፣ ድንጋዩ ከሥሩ የሚቆጠር የጠራ ውሃ ነበር። በማዳበሪያ ጆንያና በሸራ የሰፋነውን ድንኳን ተከልን፣ ሽሮ በጭስ ቀቀልን፣ ቴፑም እስኪደክመው ዘፈነልን። መምህሩ እየደጋገመ በሜጋፎኗ ስማችንን ሲጠራ፣ እኛም በተራ በተራ ቀይ ቁልፏን ስንጫን አመሸን። የድንጋዮቹ አቅም ያለቀው እንዲህ ነው፤ በጨዋታ። እኔ በዚያ ምሽት ደስ ያለኝን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህንን መናገር እንኳ አሁን ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ይበልጣል የቴፑንና የሜጋፎኗን መለዋወጫ ድንጋዮች በሙሉ ሰብስቦ ፀሐይ ፍለጋ ተነሣ። በእኛ በኩል የወንዙ ዳር ዛፍ ስለነበረው ጥላ ነው። መሐል ወንዙ ላይ ግን ጠፍጣፋ ጥቁር አለት አለ፤ ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው እሱን ነው፣ ገና በረፋዱ እጅ ያቃጥላል። ወንድሜ ሱሪውን ጠቅልሎ ተሻገረና ድንጋዮቹን በሰልፍ ደርድሮ አጠገባቸው ተጋደመ። እኛ እናበስላለን፣ መምህሩ ካርታ ያሳያል። በወዲያ ማዶ ተዳፋቱ ላይ ሰዎች ያርሳሉ፤ ጅራፋቸው ሲጮህ፣ በሬዎቻቸውን በየስማቸው ሲገሥጹ ይሰማን ነበር። በእኛ በኩል ግን ሰው አልነበረም። ያን ቀን የወዲህ ማዶው ደብር ንግሥ ነውና መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል፤ የወዲያ ማዶዎቹ ሌላ ደብር ስለሆኑ በዓሉን አይዙትም።

ሰማዩ በእኛ ላይ ንጹሕ ነበር። ከላይ፣ በተራራው በኩል፣ እንደ ጭስ የጠቆረ ነገር አይተናል፤ ደመናው ሩቅ ነው ብለን ተውነው። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የመሰለ። የወፍ ጫጫታው ቆመ። ከዚያ ውሃው መጣ፤ ቡናማ፣ ቅርንጫፍና የሞተ ቄጤማ የተሸከመ፣ ፊቱ እንደ ግድግዳ የቆመ። ይበልጣል ቀና ሲል ሁለቱም ጎኑ በውሃ ተይዟል። ከእኛ መካከል ዋና የሚያውቅ የለም። ላህ ወንዝ ዳር ጉልበት በማይደርስ ውሃ እየተንቦጫረቅን ነው ያደግነው፣ ዋና የምንለውም እሱን ነበር። መጀመሪያ ሳቀ። በእጁ «ምንም አይደል» አለን። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ሸሚዙ ውስጥ ከተተና የሸሚዙን ጫፍ ሱሪው ውስጥ ጨመረ፤ ያን ጊዜ ውሃው የአለቱን ጠርዝ ማላስ ጀምሮ ነበር።

ድንኳናችን የታሰረው በሲባጎ ነው። ገመድ የሚባል ነገር አልያዝንም፤ ቴፕ ይዘናል፣ ካሜራ ይዘናል። መምህር ሳምሶን እስከ ወገቡ ገብቶ ውሃው ጥሎት በቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ወጣ። አለቱ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለወዲያ ማዶ የቀረበ ነው፣ እዚያ ያሉት ሰዎች የበሬ ገመድና ጠፍር አላቸው፣ ወንዙንም ያውቁታል። እኛ ሴቶቹ ራሳችንን ይዘን መጮኽ ጀምረን ነበር። መምህሩ ግን ሜጋፎኗን አንሥቶ «ዝም በሉ! ድምፄን አታጥፉብኝ!» ብሎ ተቆጣን። ዝም አልን። መምህር ነው፣ መሣሪያውም በእጁ ነው፤ ከእኛ ጉሮሮ የእሷ እንደሚበልጥ ማናችንም አልተጠራጠርንም።

ከዚያ የተናገረውን እስካሁን ቃል በቃል አልረሳሁትም። የጨነቀው ሰው አፉ የለመደውን ይናገራል፤ እሱም በሜጋፎን ሲነገር የሰማው አንድ ዓይነት አማርኛ ብቻ ነበር። «በአካባቢው የምትገኙ አርሶ አደሮች በሙሉ! በአስቸኳይ ወደ ወንዙ ዳር እንድትሰበሰቡ እናሳስባለን!» አለ።

አራሾቹ ሰሙ። መስማታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆሙና ወደ እኛ ዞሩ። መምህሩ ደገመው። የመጀመሪያው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ በሬዎቹን መፍታት ሲጀምር «መጡ!» ብለን ተቃቀፍን፤ ገመዱን ሊያመጣ ነው የፈታው ብለን። እሱ ግን በሬዎቹን እየነዳ ወደ ጉብታው ጀርባ ሄደ። ሁለተኛውም ፈታ። ሦስተኛውም። ሞፈርና ቀንበራቸውን እማሳው ላይ ጥለው፣ ሳይሮጡ፣ መታየት እንደማይፈልግ ሰው ጎንበስ እያሉ፣ አንድ በአንድ ከጉብታው ወዲያ ጠፉ። ምን እንዳደረግናቸው ሊገባኝ አልቻለም። ሰው እየተጣራ ሰዎች ጀርባቸውን ሲሰጡ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ውሃው የወንድሜን ቁርጭምጭሚት ይዞታል።

ሜጋፎኗም ደከማት። ድምጿ ወፍሮ፣ እንደ ሰካራም ተጎትቶ፣ «እናሳስ…» ላይ ቆመ። መምህሩ በመዳፉ ይመታታል፣ ክዳኗን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይበልጣል አየ። ነገሩ ከሁላችንም ይልቅ የገባው ለእሱ ነው፤ የጋሉት ድንጋዮች ደረቱ ላይ ናቸው። ሸሚዙ ውስጥ እጁን ከተተና አንዷን አውጥቶ አሳየን፣ ከዚያ እንደ ወንጭፍ ክንዱን አዙሮ ወረወራት። ውሃው ውስጥ ገባች። ሁለተኛዋም ገባች። ሦስተኛዋ አሸዋው ላይ አረፈች፤ ሮጬ ሳነሣት ትሞቃለች፣ የፀሐዩ ይሁን የገላው አላውቅም። እግሩ እየተንሸራተተ፣ በአንድ እጁ አለቱን እየያዘ፣ ያሉትን ሁሉ ወረወረልን። መምህሩ የቱን በየት በኩል እንደሚያስገባ ጠፋው፤ ወንድሜ ከመሐል ውሃ ሆኖ ሁለት ጣቱን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያደረገ «አንዷ እንዲህ፣ አንዷ እንዲያ» እያለ ይመራው ነበር። ክዳኗ ተዘጋ፣ ቀይ ቁልፏ ተጫነች፣ ያ የአምቡላንስ ለቅሶ ወንዙን አልፎ ተራራው ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ይበልጣል ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ፈገግ አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ፈገግታው እሱ ነው፤ ድንጋዮቹ ስለሠሩለት ነው የተደሰተው።

በዚያ ማዶ አንድ ሽማግሌ አራሽ ብቻ ቀርተው ነበር፤ ከሌሎቹ ዘግይተው ቆመው ሲያመነቱ አይቻቸዋለሁ። ለቅሶው ሲሰማ እሳቸውም በሬዎቻቸውን ነድተው ሄዱ።

ያን ጊዜ እኔ ነጠላዬን ጣልኩት። መምህርም ሜጋፎንም አልታየኝም፤ አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ይዤ «እሪ! የሰው ያለህ! ወንድሜን! የሰው ያለህ!» አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉኝ። የልጃገረድ እሪታ ቀጭን ነው፤ ውሃውን በላዩ አልፎ ሄደ መሰለኝ፣ ምክንያቱም ትንፋሼን ለመመለስ ሳቆም ጉብታው ላይ ሰው ሞላ። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ውሻው። ያ ሁሉ ሰው ከጀርባው ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ተዳፋቱን እየተንከባለሉ፣ ገመዱን አንገታቸው ላይ እየጠመጠሙ፣ ጋቢያቸውን እየጣሉ ወረዱ፤ ከሁሉም ፊት የነበሩት መጨረሻ የሄዱት ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ዕድሜ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አላየሁም። እርሻው መካከል ሲደርሱ ትልቅ ግንድ መጣ። አለቱን መታው። ቀና ስል አለቱ ባዶ ነበር።

ሽማግሌው አልቆሙም። ወንዙን ተከትለው እየሮጡ፣ «አለሁ ልጄ! አለሁልህ!» እያሉ ወደ ታች ሄዱ፤ ድምፃቸው እየራቀ ሲሄድ ሰማሁት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያገኙት እሳቸውና ሰዎቻቸው ናቸው። በቃሬዛ ተሸክመው፣ እየተቀባበሉ፣ ስማችንን እንኳ ሳይጠይቁ እስከ አስፋልቱ አደረሱልን። ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ አባቴ ጋሪውን ይዞ ቆሞ ነበር። ከመኪናው አስወርዶ በራሱ ጋሪ ጫነው፤ ልጓሙን ይዞ ከፈረሱ ጎን በእግሩ እየሄደ ወደ ቤት አስገባው። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሪ ነድቶ አያውቅም። ፈረሱን ሸጠው፣ ግቢያችን ግማሹ ባዶ ሆነ።

በአርባው የወዲያ ማዶ ሰዎች መጡ። ማንም አልጠራቸውም፣ መንገዱን ጠይቀው ነው። ገብስ በስልቻ፣ አንድ በግ፣ አንድ ማሰሮ ማር ይዘዋል። አልገቡም፤ በራችን ላይ ቆመው ቀሩ። እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። አያ ቢያድግልኝ ይባላሉ ሽማግሌው፤ በትራቸውን ተደግፈው፣ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

«እሜቴ፣ አልሰማንም ብዬ አልዋሽዎትም። ሰምተናል። ጉዱ እሱ ነው። ሰው የጠራን አልመሰለንም፤ መንግሥት መስሎን ነው። ያ ነገር በጮኸ ቁጥር ወይ ስብሰባ ነው፣ ወይ የእርከን ሥራ ነው፣ እርሻን በእርጥቡ ጥሎ መዋል ነው። ሲጮህ በሬ ፈትቶ ከጉብታ ጀርባ መቀመጥ ለምደናል። ልጅቱ የሰው ያለህ ስትል ነው ሰው መሆኑን ያወቅነው።»

እናቴ ትረግማቸዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እንድትረግማቸው ፈልጌም ነበር። እሷ ግን ቀረብ ብላ የአያ ቢያድግልኝን እጅ ከበትሩ ላይ አላቀቀችና «እህል ሳትቀምሱ ከዚህ አትሄዱም፤ ልጄን ከውሃ ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ» አለቻቸው። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ በዕለቱ እየመጡ ከአባቴ ጎን ዝም ብለው ተቀምጠው ይመለሱ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ሳያወሩ እንደዚያ ሲግባቡ አይቼ አላውቅም።

መምህር ሳምሶን ክረምቱን ጠብቆ ተዛወረ። ጠላሁት፣ ብዙ ዓመት ጠላሁት፤ ኋላ ግን እሱም ያን ቀን ከወንድሜ ጋር የሰጠመ ሰው መሆኑ ገባኝና ጥላቻዬ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። እኔ ራሴ ይኸው ስንት ዓመት በቢሮ ሠርቼ «እናሳስባለን» የሚል ደብዳቤ አርቅቄ አላውቅም፤ አለቆቼ ቋንቋሽ ይላላል ይሉኛል። ይላላ። ወንድሜ ዛሬ ቢኖር የከተማው የፀሐይ መብራት ጠጋኝ፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ፣ የማርታን ቻርጀር ፈትቶ እንደገና ሲገጥም አንድ ቡሎን የሚተርፈው አጎት ይሆን ነበር። ፀጉሩ ይሸብት ነበር ወይስ እንደ አባቴ ይመለጥ ነበር፣ አላውቅም። የጎደለብኝ እሱ ነው፤ ይህን ማወቅ።

ማርታ ጓዟን አሥራ ጨርሳለች። ነገ በጠዋት ትነሣለች። አጠገቤ አስቀምጬ ይህን ሁሉ ልነግራት፣ በመጨረሻም «አደጋ ከመጣብሽ ስልክሽንም ስፒከርሽንም ጣይና እሪ በይ፣ ሰው ይደርስልሻል» ልላት አሰብኩ። ቃሉ አፌ ላይ ሲደርስ ግን ያለፈው ክረምት ትዝ አለኝና ቆምኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጊዜው በር ዘግቶ መዋል የተለመደበት፣ ሰው የጎረቤቱን ወሬ በአጥር ቀዳዳ የሚሰማበት ጊዜ ነው። ከአጥሩ ወዲያ እሪታ ተሰማ። ብድግ ብዬ በሩ ጋ ደረስኩ፣ እጄ መቀርቀሪያው ላይ አረፈ፣ እዚያም ቀረ። ጠብ ይሆን? ሌባ ይሆን? የታጠቀ ሰው ይሆን? ብወጣ ማን ይጠብቀኛል? እያልኩ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። የፊት ለፊቱም ጎረቤት እንደ እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ሲያዳምጥ የጫማው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ልከፍት ስወስን እሪታው ቆሟል። አልማዝ ነበረች፣ የአጥር ጎረቤቴ፤ ባሏ ግቢው ውስጥ ወድቆባት ብቻዋን ማንሣት አቅቷት ነው። ባጃጅ የተገኘው ዘግይቶ ነው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ልቅሶው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ሳትቆጣ፣ እንደደከመው ሰው ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቼሻለሁ» አልኳት።